ናይፍ ያለችው ካፍቴሪያና የ5 ዲርሃሙ ኦምሌት

ሥራዬ እንቁላል መጥበስ ነው። ዱባይ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ቁርስ አዳራሹ ጥግ ላይ ቆሜ፣ እንግዳው እያየኝ ኦምሌት እሠራለሁ። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል። ቅዳሜና እሁድ ከ100 በላይ ከእጄ ይወጣል። እንዲህ ውዬ፣ ከሥራ ስወጣ ደግሞ እንቁላል ፍለጋ የምሄድበት ቤት ካለ፣ የምር ጥሩ ቤት ነው ማለት ነው።

አለ። እዚሁ ዱባይ፣ ዴራ የሚባለው ሰፈር፣ ናይፍ ውስጥ። ከባኒያስ ስኩዌር ሜትሮ ወርዳችሁ በእግር የምትደርሱባት ትንሽ ካፍቴሪያ ናት። የሰሌዳዋ ጽሑፍ በፀሐይ ነጥቶ አይነበብም። ሰፈሩ ውስጥ ሁሉም «ልብስ ሰፊዎቹ ጎን ያለችው» ነው የሚላት። ውስጧ አራት የፕላስቲክ ወንበር፣ ደጇ ላይ ሁለት። አብዛኛው ሰው ቆሞ በልቶ ይሄዳል። እኔ ማዘውተር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ።

ምድጃው ጋ ያሉት ሰውዬ ከሕንድ፣ ከኬረላ ናቸው። እዚህ አገር ትናንሾቹን ካፍቴሪያዎች በብዛት የሚያንቀሳቅሱት የኬረላ ሰዎች ናቸው። «ቼታ» እላቸዋለሁ፤ በቋንቋቸው ታላቅ ወንድም ማለት ነው። እሳቸው «ሞሌ» ይሉኛል፤ ልጄ እንደ ማለት።

የማዘው ሁሌም አንድ ነው፤ ኦምሌት በፖሮታ። ፖሮታ የስንዴ ቂጣ ነው፣ ግን ንብርብር ያለው። ሊጡ በዘይት ተለጥጦ፣ ተጠቅልሎ፣ እንደገና ተዳምጦ ነው የሚጋገረው። ስትቆርሱት ልጥ ልጥ እያለ ይነሳል።

አሠራሩን ቆሜ ማየት እወዳለሁ። ቼታ ሁለት እንቁላል በአንድ እጃቸው የብረት ኩባያ ጠርዝ ላይ ይሰብራሉ። ደቀቅ ብሎ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የድንብላል ቅጠል፣ በጣት ጫፍ እርድ፣ መጨረሻ ላይ ጨው። ከዚያ በማንኪያ ይመቱታል። ኩባያው ጠባብ ስለሆነ እንቁላሉ ወደ ጎን የሚሄድበት የለውም፤ አረፋ ሆኖ ወደ ላይ ይነሳል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ጠፍጣፋውን ብረት ምጣድ «ታዋ» ይሉታል። ዘይት ጠብ ያደርጉበታል። እንቁላሉ ሲፈስበት ጫፍ ጫፉ ወዲያው እንደ ዳንቴል ይበሳሳል። ላዩ ገና ሳይረጋ ፖሮታውን ያነጥፉበታል፣ ጫን ጫን ያደርጉታል። ያልረጋው እንቁላል ንብርብሩ ውስጥ ይገባና ከቂጣው ጋር አንድ ይሆናል። ገልበጥ። ወረቀት ላይ። ጥቅልል። እጄ ላይ ሲደርስ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ጥሩ የሚያደርገው ይኸው ፍጥነቱ ነው። ሽንኩርቱ ለመልፈስፈስ ጊዜ የለውም፤ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ቃሪያው ትኩስነቱን እንደያዘ ነው። እንቁላሉ ከታች ቡኒ ሆኖ ከቂጣው በኩል ግን ለስላሳ ነው። እኔ ሆቴል ውስጥ የተማርኩት የዚህን ተቃራኒ ነው። በፈረንሳዮቹ መንገድ ቅቤው እንዳይጠቁር እሳቱ ረጋ ይላል፤ እንቁላሉ እየተነቃነቀ ይበስላል፣ ውስጡ እንደረጠበ ይጠቀለላል። ቡኒ ነጠብጣብ ከታየበት ሼፉ ይመልሰዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሆቴሉ እርጋታ ይፈልጋል፣ የቼታ ደግሞ ድፍረት። የሆቴሉ በሹካ ተቀምጠው ነው የሚበሉት። የቼታ ግን በአንድ እጅ ተይዞ፣ በሌላው እጅ ሻይ ተይዞ፣ ቆመው ነው።

እንግዳ ፊት ቆሜ ስለምሠራ ብዙ አገር እንቁላል እንዴት እንደሚወድ አውቃለሁ። የስፔን እንግዶች ድንች ያለበት ይጠይቁኛል። የእነሱ ቶርቲያ ግን ድንቹ በወይራ ዘይት ቀስ ብሎ የሚበስል፣ ወፍራም፣ ቢቀዘቅዝም የሚጣፍጥ ነገር ነው። እኔ ጋ ሰልፍ አለ፣ በሦስት ደቂቃ አይሆንም። ጃፓኖች ደግሞ በአራት ማዕዘን መጥበሻ ስስ ስስ እያደረጉ፣ በላይ በላዩ እየጠቀለሉ ይሠሩታል። ፊሊፒናዊቷ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቀን ለምሳ ይዛ የመጣችውን አልረሳም። ደበርጃን እሳት ላይ ተጠብሶ፣ ተልጦ፣ በሹካ ተዳምጦ፣ እንቁላል ውስጥ ተነክሮ የተጠበሰ። «ቶርታንግ ታሎንግ» ይባላል። ጭሱ ደበርጃኑ ውስጥ ይቀራል። ከዚያን ቀን ወዲህ ደበርጃን ባየሁ ቁጥር ያምረኛል።

የኤምሬቶቹን ባላሊጥ ግን መጀመሪያ ላይ ማመን አልቻልኩም ነበር። ከታች እንደ ክር የቀጠነ ፓስታ በስኳር፣ በሄል፣ በሳፍሮንና በጽጌረዳ ውሃ ተሠርቶ፣ ከላይ ጨው ያለው ኦምሌት ይተኛበታል። ጣፋጭና ጨው ባንድ ጉርሻ። አሁን ግን ሆቴላችን ሲያቀርበው ቀድሜ የምቀምሰው እኔ ነኝ።

ወደ ናይፍ ልመለስ። ከካፍቴሪያዋ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ኢራናዊ ቤት አለ። ከቼታ ቤት ጋር የሚወዳደር ካለ እሱ ነው። ኢራኖች ኦምሌት ሲሉ ቲማቲም ውሃው እስኪመጥ ተቁላልቶ፣ እንቁላል ገብቶበት፣ በትንሽ መጥበሻ እንዳለ ጠረጴዛ ላይ የሚመጣውን ነው። ዳቦና ጥሬ ሽንኩርት ከጎኑ ይቀርባል። መጀመሪያ ቀን ስቆርስ አዲስ አበባ ቁርስ ቤት የተቀመጥኩ መሰለኝ። እንቁላል ስልስ ነው እኮ! አገር ቤት የናፈቃችሁ ቀን እዚያ ሂዱ። ዋጋው ከቼታ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ቁጭ ብሎ መብላት ለሚፈልግ ግን ያዋጣል።

የቼታ ቤት ጉድለትም አላት። ቺዝ ኦምሌት አትዘዙ። ቺዙ ከጠርሙስ የሚወጣ ፈሳሽ ነው፣ የቃሪያውንም የድንብላሉንም ጣዕም ይሸፍነዋል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላም አትሂዱ። ፖሮታው የጠዋት ስለሆነ ይደርቃል፤ ያንን ለማለስለስ ዘይት ይበዛበታል፣ ወረቀቱን አልፎ እጅ ላይ ይደርሳል። በሐምሌና በነሐሴ ደጅ ላይ መቆም አይቻልም፤ ይዛችሁ ሂዱ። እጅ መታጠቢያዋ ጠባብ ናት፣ ግን ንጹሕ ናት። ሰውየው ብር ነክተው እንቁላል ሲነኩ አላየሁም፤ ሒሳብ የሚቀበል ሌላ ልጅ አለ። ይህን እኔ በደንብ ነው የማየው።

ኦምሌት በፖሮታ 5 ዲርሃም ነው። ካረክ ከጨመራችሁ 6 ተኩል። ካረኩ በወተትና በሄል የፈላ ወፍራም ሻይ ነው። ስኳር ቀነስ እንዲልላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ካልሆነ በጣም ይጣፍጣል።

ረቡዕና አርብ አልበላም። ሥራዬ ላይ እነዚያን ቀናት እንቁላሉን ሳልቀምስ ነው የምጠብሰው፤ ጨውን በእጅ ልክ አውቀዋለሁ። ወደ ቼታ ግን በጾም ቀንም ጎራ እላለሁ። ወተት የሌለበት ሻይ አላቸው፣ «ሱለይማኒ» የሚሉት፣ ሎሚ ጠብ የሚልበት። መጀመሪያ ሰሞን ለምን እንቁላል እንደተውኩ ግራ ገብቷቸው ነበር። ነገርኳቸው። አሁን ረቡዕ ስገባ ሳልጠይቅ ሱለይማኒዬ ይቀዳል።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት እናቴ ከላከችልኝ ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ ይዤላቸው ሄድኩ። አሸተቱት፣ በምላሳቸው ጫፍ ቀመሱት፣ ዝም አሉ። ከዚያ ቃሪያውን ትተው በሚጥሚጣ አንድ ኦምሌት ሠሩና ለሁለት ቆርጠው ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። የሚጥሚጣው ኮረሪማ ከካረኩ ሄል ጋር ገጠመ። ብልቃጡ አሁን መደርደሪያው ላይ፣ ከሻይ ቅጠሉ ቆርቆሮ ጎን ተቀምጧል። ለሐበሻ ደንበኛ ሁሉ ያወጡታል። «የሞሌን ቃሪያ» ብላችሁ ጠይቁ።