የኮሌጃችን የሥነ ጽሑፍ መጽሔት፣ የዘንድሮው ዕትም

የኮሌጃችን ተማሪዎች የሚያዘጋጁት የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ወጥቷል። ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ተደርድሯል፣ በነፃ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የምንማር ሐበሾች ብዙ ስለሆንን ልጻፍለት ብዬ ነው። የጽሑፎቹ ደረጃ ይለያያል። አርትዖቱ ግን በጣም ነው ደስ ያለኝ።

መጀመሪያ መሃል ላይ ያለውን አጭር ልብ ወለድ አንብቡ። ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን የምትንከባከብ ተማሪ ናት የጻፈችው። አንድ አዛውንት ተንከባካቢያቸውን በሞተች ልጃቸው ስም ይጠሯታል። መጀመሪያ ታርማቸዋለች። ቆይታ ስትጠራ አቤት ማለት ትጀምራለች። ታሪኩ እዚያው ላይ ያበቃል። ደራሲዋ የማታ ክፍል አብራኝ ትማራለች፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ አንብቤው ነበር። ያኔ ታሪኩ ይቀጥል ነበር። ሴትየዋ ቤቷ ትገባለች፣ እናቷን እያሰበች ታለቅሳለች። አዘጋጆቹ «አቤት ካለች በኋላ ያለው ሁሉ ይውጣ» አሏት። በጣም ተከራከረች። ከዚያ ቆረጠችው። አሁን ሳነበው ያ የተቆረጠው ለቅሶ ወደ እኔ የዞረ ያህል ተሰማኝ።

የሚያነቡበት መንገድም ጥሩ ነው። አማካሪ መምህራቸው ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ ስሙን አጥፍተው ቁጥር ይሰጡታል። እሳቸው ድምፅ አይሰጡም። የሚወስኑት ተማሪዎቹ ናቸው። የአርብ ስብሰባቸው ለማንም ክፍት ስለሆነ ገብቼ አዳምጫለሁ። ግጥሞቹን ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት። ገና ከሃይስኩል የወጣ ልጅና የልጅ ልጅ ያዩ እናት በአንድ ስንኝ ላይ ተፋጠጡ። ልጁ «ይህ ቃል ለምን ሁለቴ ይመጣል?» አለ። እሳቸው «ሰው ሲያዝን ይደጋግማል» አሉት። ቃሉ ሳይነካ ቀረ። እንደዚህ ዕድሜው የተራራቀ ሰው እኩል ተቀምጦ ግጥም የሚያነብበት ቦታ ብዙ አላውቅም።

አሁን ቅር ወዳለኝ ልምጣ። የግጥሞቹ አቀማመጥ ተበላሽቷል። ረጃጅሞቹ ስንኞች ገጹ አልበቃቸው ብሎ ጫፋቸው ወደ ታች ወርዷል። ገጣሚው ሆን ብሎ የሰበረውን ገጹ ከሰበረው መለየት አይቻልም። ለወግ ይህ ምንም አይደለም፣ ግጥምን ግን ይጎዳል። ፎቶዎቹም በጥቁርና ነጭ ሲታተሙ ጨልመዋል።

ምክንያቱ ይገባኛል። የኮሚኒቲ ኮሌጅ ዲግሪ የ2 ዓመት ነው። አንዱ ልጅ ገጽ የሚቀናበርበትን ፕሮግራም፣ ኢንዲዛይንን፣ ለምዶ እጁ ሲፍታታ ወደ 4 ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ያደርጋል። የሚተካው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ገንዘቡም ተማሪው ከሚከፍለው ላይ የሚመደብ ስለሆነ እያንዳንዱ ገጽ ይታሰባል። ቢሆንም የሚሄደው ልጅ የሠራበትን ፋይልና አንድ ገጽ ማስታወሻ ትቶ መሄድ ይችላል። ይህን ለአዘጋጆቹ ነግሬያቸዋለሁ፤ ጽፈው ይዘውታል።

ስለ መልሳቸው ሳልናገር አላልፍም። አንዲት የአገራችን ልጅ የላከችው ግጥም አላለፈም። ሦስተኛው አንጓ ላይ ምን እንደወደዱ፣ መጨረሻው ለምን እንዳልያዛቸው ዘርዝረው ጻፉላት። ኢሜይሉን አሳየችኝ። እነዚህ ልጆች ደሞዝ የላቸውም። ፈተና አለባቸው፣ ሥራ አለባቸው። ለማይታተም ግጥም እንዲህ ተጨንቀው መጻፋቸው ልቤን ነክቶታል። እሷም ግጥሙን እያስተካከለችው ነው።

ለመላክ ካሰባችሁ፣ የሚቀበሉት ከኮሌጁ ተማሪዎች ብቻ ነው። ሁሉም የኮሌጅ መጽሔት እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ የሞንትጎመሪ ኮሌጁ «ፖቶማክ ሪቪው» ከውጭ ጸሐፊዎችም ይቀበላል፤ ፉክክሩም የዚያኑ ያህል ይከብዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚልክ ሰው የተማሪዎቹን እመርጣለሁ። ለመላክ አያስከፍሉም። ሲታተም ገንዘብ አይሰጡም፣ ቅጂ ግን ይሰጧችኋል። የሚወስዱት የመጀመሪያውን የማተም መብት ብቻ ነው፤ ከዚያ ጽሑፉ ተመልሶ የእናንተ ነው። አንድ ነገር ግን አስቡበት፦ ብዙ መጽሔቶች አንዴ የታተመ ሥራ አይቀበሉም። ትልቅ ቦታ ልልከው የምትሉት ካለ እሱን አቆዩት።

ለቀጣዩ ዕትም መቀበል የሚጀምሩት ሴፕቴምበር ላይ ነው። ግጥም የምትልኩ ከወርድ ፋይሉ ጋር ፒዲኤፍም አያይዙ። ስንኙ የት እንደሚሰበር ገጹን የሚያቀናብረው ልጅ እዚያ ላይ ያየዋል።