የልጆቼ ትምህርት ቤት የጤና ክፍል፦ ከሐዋሳ የአንዲት እናት ግምገማ

ሁለቱ ልጆቼ በሐዋሳ ከተማ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ወንዱ ስድስተኛ፣ ሴቷ ሦስተኛ ክፍል ናት። የትምህርት ቤቱ ጤና ክፍል ባለፈው ዓመት የተማሪዎችን አመጋገብና የአካል እንቅስቃሴ ከወላጆች ጋር ሆኖ መከታተል ስለጀመረ፣ ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ ለሚያስቡ ወላጆች ይጠቅም ዘንድ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ከሁሉ የወደድኩት የምሳ ዕቃ ክትትሉን ነው። ሲስተር (ነርሷን ሁላችንም የምንጠራት እንዲህ ነው) ልጁን በጓደኞቹ ፊት አታሳፍረውም፤ ወላጁን ለብቻው ጠርታ ታነጋግራለች። እኔን የጠራችኝ ለልጄ በየቀኑ ብስኩትና ለስላሳ እቋጥርለት ስለነበር ነው። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ያለውን ወደ 30 ግራም የሚደርስ ስኳር በሻይ ማንኪያ እየሰፈረች ብርጭቆ ውስጥ ስትጨምረው ሰባት ማንኪያ አልፎም አላበቃም። ለልጄ ሻይ ከአንድ ማንኪያ በላይ የማልጨምር እናት፣ ያን ሁሉ በገዛ እጄ ስልክለት መቆየቴ እጅግ አሳዘነኝ። በምትኩ የመከረችኝ ከገበያችን የማይጠፋውን ነው፦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ በዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ስኳር ድንች። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ስለሚቀንስ፣ ከምግብ ሰዓት እንድናርቀውም ነግራናለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሙዙ ጠቁሮ ይመለስ ነበር፤ «አታስገድጂው፣ ግን ማቅረብሽን አታቋርጪ» ባለችኝ መሠረት ታግሼ፣ ዛሬ ራሱ ያስታውሰኛል።

እንቅስቃሴን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይመክራል። የሐዋሳ መንገድ ሜዳ ሆኖ ሳለ ለአሥር ደቂቃ ጉዞ ባጃጅ በወር የምንኮናተር ወላጆች ብዙ ነን። ሲስተር የአንድ ሰፈር ወላጆች በተራ ልጆቹን አስፋልት እያሻገርን በእግር እንድናደርሳቸው አስተባብራናለች፤ በእኛ ሰፈር እስካሁን አልተቋረጠም።

ቅሬታም አለኝ። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ልጆቹ በክፍል ውስጥ ተሰልፈው ሲመዘኑ ኪሎአቸው ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር። ልጄ በዚያ ቀን ራቷን አልበላም አለች፤ የስምንት ዓመት ልጅ በኪሎዋ ተሸማቅቃ ከማዕድ ስትርቅ ማየት ለእናት ከባድ ነው። አቤቱታችን ተሰምቶ አሁን እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ይመዘናል፣ ውጤቱም በታሸገ ፖስታ ለወላጅ ይላካል፤ ሆኖም ከመነሻው ሊታሰብበት ይገባ ነበር።

እስካሁን ያልተስተካከለው የግቢው ሱቅ ነው። ሲስተር ከምሳ ዕቃ ያስወጣችው ለስላሳና ቺፕስ ከጤና ክፍሉ ጥቂት እርምጃ ርቆ በእረፍት ሰዓት ይሸጣል። በዚህ ምክንያት ከአምስት ኮከብ አራቱን ብቻ እሰጣለሁ፤ ለነሐሴ ምዝገባ ስሄድም ጥያቄዬን በጽሑፍ ይዤ ለወላጅና መምህር ኅብረት አቀርባለሁ።