የግል መረጃን በጊዜ ሂደት በግራፍ ለማየት፦ ካሬ ደብተር፣ የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ወይስ የስልክ መተግበሪያ?

በቤቱ የደም ግፊቱን የሚለካ፣ በየጠዋቱ የጾም ስኳሩን የሚመዘግብ ወይም ሙቀቱ በሚበረታባቸው በግንቦትና በሰኔ የካርድ ቆጣሪውን የሚከታተል የድሬዳዋ ነዋሪ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ቁጥሮቹ ወዴት እያመሩ እንደሆነ በአንድ መስመር ማየት ይፈልጋል። ለዚህ የሚሆኑ አራት አማራጮችን እዚህ ጎን ለጎን አቀርባለሁ፤ እነርሱም ካሬ ደብተር፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫኑት ኤክሴልና ሊብሬኦፊስ ካልክ፣ በኢንተርኔት የሚሠራው ጉግል ሺትስ፣ እንዲሁም ትራክ ኤንድ ግራፍ የተባለው የአንድሮይድ መተግበሪያ ናቸው። ሁሉም የሚነበብ ግራፍ ስለሚሠሩ በውበት አላወዳድራቸውም። የሚለያዩት ቀንን በሚይዙበት መንገድ፣ ኔትወርክና መብራት ሲጠፋ በሚኖራቸው ጥቅምና መረጃውን ይዞ ለመውጣት በሚሰጡት ዕድል ነው።

ዋጋ በአጭሩ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ጉግል ሺትስ ለግል ተጠቃሚ ነጻ ነው፤ ሊብሬኦፊስና ትራክ ኤንድ ግራፍም ነጻ ናቸው። ሙሉው ኤክሴል በማይክሮሶፍት 365 ደንበኝነት ሲወሰድ ክፍያው በውጭ ምንዛሪና በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሚፈጸም፣ ብዙውን ሰው ከገንዘቡ ይልቅ የመክፈያው መንገድ ይቸግረዋል። በየኮምፒውተር ቤቱ ያለ ፈቃድ የሚጫነውን ቅጂ እንደ አማራጭ አልቆጠርኩትም። ሊብሬኦፊስ የኤክሴልን ፋይል ከፍቶ ማንበብም በዚያው ዓይነት ማስቀመጥም ስለሚችል፣ ለግል ግራፍ ሲባል ብቻ ኤክሴልን የሚያስገዛ ምክንያት አይታየኝም።

ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ግን ስለ ዘመን አቆጣጠር ነው። ኤክሴል፣ ካልክና ጉግል ሺትስ በተለመደው አሠራራቸው ሴል (የሠንጠረዡ አንድ ሳጥን) ውስጥ የሚጻፈውን ቀን እንደ ፈረንጅ ቀን ይወስዱታል። ጥቅምት 30 ቀን 2017 የተለካን የደም ግፊት 30/2/2017 ብሎ የጻፈ ሰው፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ፕሮግራሙ ጽሑፉን ቀን ነው ብሎ አይቀበለውም። በማግስቱ ኅዳር 1ን 1/3/2017 ብሎ ሲጽፍ ደግሞ ይቀበለዋል፤ ስለዚህ ከአንዱ ዓምድ ውስጥ ከፊሉ ቀን፣ ከፊሉ ተራ ጽሑፍ ይሆናል። ከዚህ የከፋው የጳጉሜን ነው። ፕሮግራሙ ወርን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ ከተስተካከለ፣ ጳጉሜን 3 ለማለት የተጻፈው 3/13/2017 ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ማርች 13 ሆኖ ይመዘገብና የዓመቱ መጨረሻ መረጃ በግራፉ ላይ ወደ ኋላ ይሸሻል። መፍትሔው ሁለት ዓምድ መክፈት ነው፤ በመጀመሪያው ለግራፉ የሚያገለግለው የፈረንጅ ቀን ይገባል፣ በሁለተኛው የእኛ ቀን በቃል፣ ለምሳሌ «ጥቅምት 30»፣ ለዓይን ብቻ ይጻፋል።

ሰዓትም የራሱ ወጥመድ አለው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተለካን ስኳር 1:00 ብሎ ያስገባ ሰው ልኬቱን ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንደወሰደው አድርጎ ይመዘግባል፤ ትክክለኛው 7:00 ነው። በትራክ ኤንድ ግራፍ ቁጥሩ ሲገባ የስልኩ ቀንና ሰዓት አብሮ ስለሚሞላ ይህ ስሕተት አይደርስም፤ ነገር ግን የሚያሳየው የፈረንጁን ቀን በመሆኑ ተጠቃሚው ያንን ለምዶ ማንበብ ይኖርበታል። በእኛ አቆጣጠር ያለ ምንም ብልሃት የሚሠራው ካሬ ደብተር ብቻ ነው፤ ለአንድ ወር 30 ካሬ፣ ለጳጉሜን 5 ወይም 6 ካሬ ይሰጠዋል።

በድሬዳዋና በሐረር የስኳር ልኬትን ለሚከታተሉ ብዙ ቤተሰቦች የረመዷን ጉዳይም አለ። የምግብ ሰዓቱ ወደ ሱሑርና ኢፍጣር ሲዞር የጠዋቱ ቁጥር ትርጉም ይለወጣል፤ ወሩ ደግሞ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደፊት ስለሚቀድም ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ወር ከዘንድሮው ጋር ማወዳደር ያሳስታል። በሠንጠረዥ ፕሮግራሞቹ «ጾም» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሮ ሁለቱን ጊዜያት በተለያየ ቀለም ማሳየት ቀላል ነው። በመተግበሪያው ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር ማስታወሻ መጻፍ ይቻላል፤ ለማወዳደር ሲፈለግ ግን ዓምድ ይሻላል። በዚህ በኩል ብልጫውን ለሠንጠረዦቹ እሰጣለሁ።

ልኬቱ በየቀኑ ካልተወሰደ ሌላ ልዩነት ይመጣል። ቀኑ በትክክል ቀን ሆኖ ከተመዘገበ ግራፉ ሦስት ሳምንት የተዘለለበትን ቦታ ሰፋ አድርጎ ያሳያል፤ ቀኑ ጽሑፍ ከሆነ ግን የዛሬውና ከሦስት ሳምንት በፊት የነበረው ነጥብ እንደ ትናንትና ዛሬ ተጠጋግተው ይሰለፋሉ፣ በዝግታ የወረደው ክብደትም በአንድ ሌሊት የወደቀ ይመስላል። በግራፉ የቋሚ መስመር ላይ ያለው መለኪያም እንዲሁ ነው። ከ71 እስከ 72 ኪሎ የሚዋዥቅ ክብደት፣ መለኪያው በራሱ እንዲመረጥ ከተተወ፣ ተራራና ሸለቆ ሆኖ ይታያል። በሠንጠረዦቹ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ቁጥር በእጅ መወሰን፣ የተንቀሳቃሽ አማካይ (በየነጥቡ የቅርብ ቀናቱን ቁጥሮች አማካይ የሚያሳይ) መስመርም መጨመር ይቻላል፤ ለክብደት የሰባት ቀኑን አማካይ ማየት ከዕለቱ ነጥብ ይልቅ ያሳርፋል።

ኔትወርክ ሲጠፋ ካልክ፣ መተግበሪያውና ደብተሩ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ጉግል ሺትስም ፋይሉ አስቀድሞ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ከተዘጋጀ ይሠራል፤ ይህን ማዘጋጀት ግን ኔትወርክ ባለበት ሰዓት የሚፈጸም በመሆኑ ብዙዎች የሚያስታውሱት ከጠፋ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ባትሪው የደከመ ወይም ዴስክቶፕ ከሆነ የመብራት መጥፋት ካልክን ከጨዋታ ያስወጣዋል፤ ታይዋን ከሚባለው የድሬዳዋ ገበያ የተገዛ መካከለኛ ስልክ ግን ለመተግበሪያው ይበቃል።

ጉግል ሺትስ ተወዳዳሪ የማይገኝለት መረጃው ለሌላ ሰው እንዲታይ ሲፈለግ ነው። እናት ድሬዳዋ፣ ልጅ ሐረር ሆነው፣ እናት ያስገባችውን ቁጥር ልጅ በዚያው ቅጽበት ማየት የሚችለው በእርሱ ነው፤ በስሕተት የተሰረዘውም ከቀድሞ ቅጂዎቹ ይመለሳል። ፋይሉ ሊንኩን ላገኘ ሁሉ እንዲከፈት መተው ግን ለጤና መረጃ አይገባም፤ በኢሜይል አድራሻ ለተጠቀሱ ሰዎች ብቻ ይፈቀድ።

ለአንድ ሰው፣ በአንድ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት ለሚደረግ ክትትል የእኔ ምርጫ ትራክ ኤንድ ግራፍ ነው። አካውንት አይጠይቅም፣ መረጃው ስልኩ ላይ ይቀመጣል፣ ማስታወሻ ደወል አለው፣ ሁሉንም በሲኤስቪ (ቁጥሮቹን በነጠላ ሰረዝ ለይቶ በሚይዝ ተራ የጽሑፍ) ፋይል ያወጣል፤ ያንን ፋይል ካልክም ሺትስም ይከፍቱታል። ድካሙ ሁለት ነው። የደም ግፊት የላይኛውና የታችኛው ቁጥር በሠንጠረዥ በአንድ ረድፍ ሲገቡ እዚህ ለየብቻቸው ይመዘገባሉ፤ ስልኩ ከጠፋ ደግሞ ያልወጣው መረጃ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በየወሩ ፋይሉን አውጥቶ በቴሌግራም ለራስ መላክ ግዴታ ነው። አይፎን ላለው ሰው ይህ መተግበሪያ የለም፤ ለእርሱ ጉግል ሺትስ ይቀርበዋል።

ስልክ መነካካት ለማይወዱ አረጋውያን ካሬ ደብተር አሁንም አይናቅም፤ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ ጤና ተቋም ይዘውት ሲሄዱ ሐኪሙ ያለ ኔትወርክና ያለ ቻርጅ ያነበዋል። የማይችለው አማካይ ማውጣትና መለኪያው ሲለወጥ ራሱን ማስተካከል ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የስኳር መለኪያ ከውጭ የሚላክላቸውን በተለይ ይመለከታል። በአገራችን የተለመደው ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን፣ ከአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች የሚመጣው መለኪያ በሚሊሞል በሊትር ያነባል፤ 126 የሚለው ቁጥር በዚህኛው 7 ነው። አሮጌው መለኪያ ተበላሽቶ አዲሱ ሲተካ ግራፉ በአንድ ቀን ገደል የገባ ይመስላል። በካልክና በሺትስ አዲሶቹን ቁጥሮች በ18 የሚያባዛ አንድ ዓምድ ነገሩን ይፈታዋል፤ በመተግበሪያውና በደብተሩ ለሚመዘግብ ሰው ግን ማሽኑ ከመላኩ በፊት በየትኛው መለኪያ እንደሚያነብ ላኪውን መጠየቅ ይቀላል።