የቶስትማስተርስ የምሽት ስብሰባ፦ ከመመዝገባችሁ በፊት

ከሥራ በኋላ ወደ ቶስትማስተርስ፣ ማለትም በሰው ፊት መናገርን ወደሚለማመዱበት ክበብ፣ ጎራ ለማለት ካሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን የምትከፍሉት ለጭብጨባው እንዳልሆነ ከወዲሁ እወቁት። ጭብጨባ በሠርግም በምርቃትም በነፃ ይገኛል። የምትከፍሉት ከመድረክ ከወረዳችሁ በኋላ፣ በዚያው ምሽት፣ አንድ ሰው ተነሥቶ የትኛው ዓረፍተ ነገራችሁ እንዳልተሰማና ለምን እንዳልተሰማ በሰው ፊት እንዲነግራችሁ ነው። ይህ ካለ ክበቡ ደህና ነው። ይህ ከሌለ አዳራሹ ቢያምር፣ ሰዉ ቢያስቅ፣ ሻይና ኩኪሱ ቢትረፈረፍ ዋጋ የለውም።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። ራልፍ ስሜድሊ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1924 ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ አና ከተማ በሚገኘው ወወክማ ውስጥ ነው የጀመረው። ሴቶች በይፋ አባል መሆን የቻሉት ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ሌላ አገር የሚደረግ ስብሰባ ቅርጹ ያው ነው፦ የተዘጋጀ ንግግር፣ ቴብል ቶፒክስ የሚሉት ድንገተኛ ንግግር፣ ከዚያ ግምገማ። በጠቅላላው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ምሽቱን የሚመራ ሰው አለ። ሰዓት የሚይዝ አለ። «እእ» የምትሉትን የሚቆጥር አለ፤ ቋንቋውን የሚከታተል አለ፤ ሁሉንም በመጨረሻ የሚገመግም ጠቅላላ ገምጋሚ አለ። ሚናው በየስብሰባው ይዞራል። አስተማሪ የሚባል ሰው የለም፤ ብዙ አዲስ ሰው ይህን ሳያውቅ መጥቶ ግር ይለዋል።

የስብሰባው ልብ ሰዓት ያዡ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ ሦስት ካርድ ይዟል። ከ5 እስከ 7 ደቂቃ በተፈቀደለት ንግግር ላይ አረንጓዴው በ5፣ ቢጫው በ6፣ ቀዩ በ7 ደቂቃ ይነሣል። ከቀዩ በኋላ 30 ሴኮንድ ይታለፋል፤ ከዚያ በላይ የሄደ ሰው ለምሽቱ ምርጥ ተናጋሪ ድምፅ አይሰጠውም። ድንገተኛ ንግግር ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ነው፤ ቢጫው በ1፡30 ይወጣል። ግምገማ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ሲሆን ቢጫው በ2፡30 ነው። በአንዳንድ ቦታ በካርድ ፈንታ ባለ ቀለም መብራት ወይም የስልክ ስክሪን ይጠቀማሉ። ካርዱ ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋ አይጠፋም። ስልክ ሰዓትም ካርድም ሲሆን ደግሞ በመሀል የቴሌግራም መልእክት ይገባና ሰዓት ያዡ ዓይኑን ያነሣል፣ አረንጓዴው በ5፡40 ይወጣል፣ ተናጋሪው ገና ጊዜ ያለው መስሎት ይዘረጋዋል። ካርዱ ከኋላ ወንበር የሚነሣ ከሆነ፣ ወይም ተናጋሪው በፊቱ ባለው ላፕቶፕ ምክንያት የማያየው ከሆነ፣ ሰዓቱ ተይዟል ማለት አይቻልም።

እኛ አገር ሰዓቱን የሚበላው ነገር የታወቀ ነው። አንደኛው ሰላምታው። «የተከበሩ የምሽቱ መሪ፣ የተከበራችሁ የክበባችን ኃላፊዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፣ በመጀመሪያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ…» ሲባል ከአምስት ደቂቃው ላይ 40 ሴኮንድ ሄዷል፤ ያውም አድማጭ በጣም ንቁ በሆነበት ሰዓት። አንድ ጊዜ ለመሪውና ለአድማጩ ሰላምታ ሰጥቶ ወደ ነገሩ መግባት ይበቃል። በሰዓት ለመጨረስ የሚፈልግ ሰው ቤቱ ድምፅ አውጥቶ ሲለማመድ 5 ደቂቃ ተኩል ላይ ማለቅ አለበት፤ መድረክ ላይ ሳቅ፣ ፋታና መርሳት ሲጨመርበት ወደ ስድስት ተኩል ይጠጋልና። ቤት ውስጥ 7 ደቂቃ የሞላ ንግግር መድረክ ላይ 8 ነው።

ሁለተኛው የከፋ ነው፦ ዘግይቶ መጀመር። 12 ሰዓት የተባለው ስብሰባ 12፡25 ላይ ይከፈታል፤ የታክሲ ሰልፉም፣ የመንገዱ መዘጋጋትም፣ «ሰው ትንሽ ይሙላ» የሚለውም ተደምሮ። አዳራሹ ግን 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ጥበቃው ቁልፍ ይዞ በር ላይ ይቆማል፣ ሰውም የታክሲው ነገር ያሳስበዋል። ታዲያ የሚቆረጠው ምንድን ነው? በፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ ያለው፤ ግምገማው። ሦስት ደቂቃ የነበረው ወደ አንድ ይወርዳል፣ አንዷ ደቂቃ ደግሞ «ጊዜ ስለሌለን በአጭሩ፣ በጣም ጥሩ ነበር» ይባልባታል። እንግዳ ሆናችሁ ስትሄዱ ዓይናችሁን እዚህ ላይ ጣሉ። ሥራውን የሚያውቅ መሪ ሲዘገይ ድንገተኛ ንግግሩን ከስድስት ሰው ወደ ሦስት ይቀንሳል፤ ግምገማውን አይነካም።

ሰዓቱ ቢበቃም ግምገማው በይሉኝታ ሊበላሽ ይችላል። የሚመከረው አካሄድ ጥሩውን መጥቀስ፣ የሚሻሻለውን መንገር፣ በማበረታታት መጨረስ ነው። ብዙ ገምጋሚ ግን ዳርና ዳሩን ይዞ መሀሉን ይተወዋል፤ ወጥ የሌለው እንጀራ ይሆናል። በተለይ ወጣቱ ታላቁን ሲገመግም ያስቸግራል፤ ጋሼ እያለ የሚጠራውን ሰው «ጀርባዎን ሰጥተው ስላይድ ያነብቡ ነበር» ማለት ይከብደዋል። «በአደባባይ መተቸት ባህላችን አይደለም» የሚለው ምክንያት ግን አያሳምንም፤ በላ ልበልሃ የሚሟገቱት ሰዎች አንዱ ሲንሸራተት ሌላው እዚያው በሕዝብ ፊት ይይዘው ነበር። መላው ስለ ሰውዬው ሳይሆን ስለ ንግግሩ መናገር ነው። ልዩነቱን አስተያዩት፦

«በራስ መተማመንህ ደስ ይላል፣ ድምፅህም ያምራል፣ ወደፊት ትልቅ ቦታ ትደርሳለህ፣ በርታ።»

«መግቢያው ላይ የእናትዬዋን የጀሪካን ሰልፍ ስታነሣ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ሁለተኛው ነጥብ ላይ ግን አራት ቁጥር በተከታታይ ተጠራ፤ አንዱንም አልያዝነውም። በሚቀጥለው አንዱን ቁጥር ብቻ አስቀርና ከተናገርከው በኋላ ሦስት ሴኮንድ ዝም በል።»

ሁለተኛው ተናጋሪው ነገ የሚሠራው ነገር ሰጥቶታል። እንዲህ የሚገመግም ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከስብሰባው በፊት ነው፤ ተናጋሪውን ጠርቶ «የትኛውን ልከታተልልህ?» ይለዋል፣ ወረቀቱን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ በኩል የሠራውን፣ በሌላው ያልሠራውን፣ ከነቃሉ ይጽፋል። ገምጋሚው ባዶ እጁን ከተነሣ የምትሰሙትን ከወዲሁ መገመት ትችላላችሁ።

ቋንቋን በተመለከተ፣ እዚህ ያሉ ክበቦች በእንግሊዝኛ መሥራት ይቀናቸዋል። በአማርኛ መሥራትን የሚከለክል ሕግ የለም። ችግሩ ፓዝዌይስ የተባለው የመማሪያ ፕሮግራም በአማርኛ አለመዘጋጀቱ ነው። እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብሎ የሚመጣና ንግግሬን ላሻሽል ብሎ የሚመጣ ሰው አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ግምገማው የመጀመሪያውን ሰው የሰዋስው ስሕተት ሲያርም ሁለተኛው ሰው አንድ ነገር ሳያገኝ ይሄዳል። ለየትኛው እንደመጣችሁ ለገምጋሚያችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

በአማርኛ የሚናገር ሰው የራሱ ሁለት በሽታ አለው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ዓረፍተ ነገሩን ያስረዘመ ተናጋሪ ግሱ ጋ ሲደርስ ትንፋሹ ያልቃል፤ «ተስማምተናል» ይሁን «አልተስማማንም» ሦስተኛው ረድፍ ላይ አይሰማም። መፍትሔው ጩኸት አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠርና ከግሱ በፊት መተንፈስ ነው። ሌላው መሙያ ቃል ነው። ቆጣሪው «እእ»ን ብቻ እየቆጠረ «እንትን»ን፣ «ያው»ን፣ «ምንድነው»ን፣ በየዓረፍተ ነገሩ ጫፍ የሚለጠፈውን «ማለት ነው»ን ካለፈ ግማሹን ጥሏል። ወረቀቱ ላይ ለእያንዳንዱ ቃል የራሱ መስመር ተሰጥቶት በጭረት ሲቆጠርና መጨረሻ ላይ «ማለት ነው፣ 14 ጊዜ» ተብሎ ሲነበብ ሰው ይስቃል፣ ተናጋሪውም በሚቀጥለው አፉን ገጥሞ ዝም ማለትን ይለምዳል። መድኃኒቱም ያ ዝምታ ነው።

ድንገተኛው ንግግር ለአዲስ ሰው በጣም አስፈሪው፣ ለማየት ግን በጣም ደስ የሚለው ክፍል ነው። ጥያቄው መጀመሪያ ይነበባል፣ ከዚያ ስም ይጠራል፤ ሁሉም ሰው እንዲያስብ ሆን ተብሎ ነው። ስም አስቀድሞ ጠርቶ ጥያቄ የሚያነብ መሪ ይህን ያበላሻል። እንግዳ ከሆናችሁ «ዛሬ ልይ» ብላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ፤ ማንም ቅር አይለውም። ከተነሣችሁ መልሳችሁን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገሩት፣ አንድ ምክንያት ስጡ፣ አንድ ምሳሌ ጨምሩና አረንጓዴው እንደወጣ መዝጋት ጀምሩ። «ጥያቄው ከባድ ነው፣ ምን ልበል…» እያሉ 30 ሴኮንድ መግፋት የተለመደ ነው፤ አድማጭን ግን ያስጨንቃል።

አባል ስትሆኑ የመጀመሪያው ሥራ አይስ ብሬከር ነው፤ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ራስን ማስተዋወቅ። ሰው የሚሳሳተው ሕይወቱን ከልደት እስከ ዲግሪ እንደ ሲቪ ሲደረድር ነው። አንድ ውሳኔ ወይም አንድ ሰፈር መርጦ እሱን ብቻ ማውራት ይበልጣል።

ወደ ክፍያው እንምጣ። ለዋናው ድርጅት የሚከፈለው በስድስት ወር 60 ዶላር ነው፣ አዲስ አባል አንድ ጊዜ 20 ዶላር ይጨምራል። የእድሳት ጊዜው በኤፕሪልና በኦክቶበር መጀመሪያ ነው፤ በመሀል የገባ ሰው ለቀሩት ወራት ብቻ ይከፍላል። አንዱ የፓዝዌይስ ጎዳና፣ ማለትም የትምህርት መስመር፣ ከክፍያው ጋር አብሮ ይመጣል። ብር እ.ኤ.አ. በ2024 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ሒሳብ በብር ሲታሰብ አብጧል። ስለዚህ ለክበቡ ገንዘብ ያዥ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ በየትኛው ቀን ምንዛሪ ነው የምታስቡት? ክበቡ ለአዳራሽና ለሻይ የሚጨምረው ስንት ነው? ደረሰኝ አለ ወይ? በወር ሁለቴ ብቻ ብቅ የሚል ሰው ግማሽ ዓመት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ንግግር ቢደርሰው ነው፤ ለእሱ ይወደዳል። ሚና እየወሰደ በየስብሰባው የሚቆም ሰው ግን ንግግር በሌለው ቀን እንኳ ሁለት ሦስት ደቂቃ መድረክ ላይ ያገኛል፤ በዚህ ሒሳብ ርካሽ ነው።

ስለ አዳራሹ ብዙ አትጨነቁ። 20 ሰው ያለበት ክፍል ማይክ አያስፈልገውም፤ ባይኖር ይመረጣል፣ ድምፅ ማውጣትን ያስተምራል። ወንበሩ በግማሽ ክብ ቢደረደር ጥሩ ነው።

ክበብ ለመምረጥ ስትፈልጉ ሳትከፍሉ ሁለት ቦታ በእንግድነት ሂዱ፣ በየቦታውም የሚቀጥለውን ስብሰባ ፕሮግራም በቴሌግራም እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ዋዜማው ላይ የገምጋሚዎቹ ቦታ አሁንም «ይሞላል» የሚል ከሆነ፣ በማግስቱ የሚነሡት ያልተዘጋጁ ሰዎች ናቸው፤ ወደ ሌላኛው ሂዱ።