ፍሎፒ ለሌለው ሰርቨር፦ የዩኤስቢ ፍሎፒ ወይስ ቨርቹዋል ፍሎፒ?

የዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ኤኤስአር (የተበላሸን ሰርቨር ከባክአፕ መልሶ የሚያቆመው መሣሪያ)፣ በዊንዶውስ ሴትአፕ ላይ ኤፍ2 ተጭኖ ሲጀመር ፍሎፒ ይጠይቃል። ባክአፑ ያለ ፍሎፒ ተሠርቶ ከሆነ አትደንግጡ፦ ፍሎፒው ላይ መግባት ያለባቸው ኤኤስአር.ሲፍ (asr.sif) እና ኤኤስአርፒኤንፒ.ሲፍ (asrpnp.sif) የሚባሉት ፋይሎች ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ ሪፔር ሥር ተቀምጠዋል። ዛሬውኑ ከሰርቨሩ ውጭ ኮፒ አድርጓቸው፤ ዲስኩ ከሞተ አብረው ይሞታሉ።

የዩኤስቢ ፍሎፒ፦ ርካሽ ነው፣ ኔትወርክ አይፈልግም። ችግሩ ሴትአፑ ሁሉንም ሞዴል አያውቅም፤ ባዮስ ላይ ቢታይም ሴትአፑ መሃል ላይ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ መሞከር ግድ ነው። የ1.44 ሜጋባይት ዲስክም ስለሚበላሽ ሁለት ኮፒ ያዙ።

ቨርቹዋል ፍሎፒ፦ በአይሎ (የኤችፒ) ወይም በድራክ (የዴል)፣ ማለትም ሰርቨሩን በኔትወርክ ከርቀት በሚያስተዳድረው ክፍል በኩል የፍሎፒ ኢሜጅ (የዲስኩ ይዘት በአንድ ፋይል) ከላፕቶፕ ይያያዛል፤ ዲስክ አያረጅም። ብዙ ጊዜ ግን ላይሰንስ ይጠይቃል፣ የቆዩት ኮንሶሎችም አሮጌ ጃቫ ይፈልጋሉ።

አንድ ሰርቨር አጠገባችሁ ካለ የመጀመሪያው ይበቃል። ሰርቨሮቹ ብዙ ከሆኑ ወይም ሌላ ከተማ ካሉ ሁለተኛው ይሻላል።