ልብ ወለዴን ላረሙልኝ የደብረ ማርቆሱ የኔታ

ወዳጆቼ፣ በራሴ ወጪ ያሳተምኩት መጽሐፍ ትናንት ከማተሚያ ቤት ወጥቶ እጄ ገብቷል። ለእናንተ ከመድረሱ በፊት ግን አንድ ሰው በአደባባይ ማመስገን አለብኝ።

የኔታ እንላቸዋለን። በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቆጥረዋል፤ ኋላም አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። አሁን ደብረ ማርቆስ ቤታቸው ተቀምጠው የሰው ረቂቅ ያርማሉ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለለመኑኝ አልጽፍም።

ከእሳቸው በፊት ረቂቁን ለሌላ አራሚ ከፍዬ ሰጥቼ ነበር። በሳምንቱ መለሰልኝ፤ «ሰ»ን በ«ሠ» ቀያይሮ፣ ነጠላ ሰረዝ ጨማምሮ፣ በቃ። ሁለት ምዕራፎች ቦታ ተለዋውጠው እያለ ምንም አላለኝም። በዚያው ላሳትመው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

የኔታ ግን ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት። እኔ አጠገባቸው ሆኜ እሰማለሁ። ያልተቃና ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ምላሳቸው ይያዛል፤ እሳቸው ሳይናገሩ እኔው አሰምርበታለሁ። አንዳንዴ ቀና ብለው «ልጄ፣ ይህ አንቀጽ ቢወጣ ታሪኩ ምን ይጎድለዋል?» ይሉኛል። መልስ ካጣሁ ይወጣል። የቅኔ መምህር ተማሪው ቅኔውን ሲነግረው ሰምቶ የተሰበረውን ያሳየዋል። የኔታም የተሰበረውን አሳዩኝ እንጂ አንዲት መስመር እንኳ አልጻፉልኝም። 412 ገጽ የነበረው ረቂቅ 336 ሆኖ ወጣ፤ እያንዳንዱ ቃል አሁንም የእኔው ነው። ለዚህ ነው ከልቤ የማመሰግናቸው።

አንዱን ስህተቴን ልንገራችሁ። ታሪኬ የሚፈጸመው በ1983 ዓ.ም. ነው። ልጁ ከደጀን ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ሲሻገር የድልድዩን ገመዶች ቀና ብሎ ያያል ብዬ ጽፌ ነበር። የኔታ መነጽራቸውን አወለቁና «ይኼ የህዳሴ ድልድይ እኮ የተመረቀው በ2000 ማብቂያ ነው። ልጁ የተሻገረው በአሮጌው ነው» አሉኝ። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ! አንባቢ ቢያገኘው ኖሮ የቀረውንም ታሪክ አያምነኝም ነበር።

ሌላው የአያትየዋ ንግግር ነው። በአንዱ ገጽ «ተወዴት መጣህ» ትላለች፣ በሌላው «ከየት መጣህ»። የኔታ እሷ የአገሯን እንድትናገር፣ ተራኪው ደግሞ በራሱ አማርኛ እንዲቀጥል መከሩኝ። አያትየዋን ከመጀመሪያ ገጽ እንደገና ጻፍኳት፤ አሁን ድምጿ ይሰማኛል።

ደብተርም አስያዙኝ። የሰው ስም፣ ዕድሜ፣ የቦታ ስም፣ «ዓመት» በየትኛው «ዓ» እንደጻፍኩ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ይህ ሁሉ ያለቀው ረቂቁ ለገጽ ቅንብር ከመሄዱ በፊት ነው። ከቅንብር በኋላ አንድ አንቀጽ ስታወጡ ተከታዮቹ ገጾች ሁሉ ይንሸራተታሉ፤ ማውጫውም ይዛባል፤ ለቅንብር ባለሙያውም ዳግመኛ ትከፍላላችሁ።

ክፍያቸው በገጽ ነው፣ ከጠበቅሁትም ያነሰ ነው። አይቸኩሉም፤ የእኔ አራት ወር ፈጅቷል። ረቂቅ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። በኮምፒውተር ስለማያነቡ በወረቀት አትማችሁ፣ መስመሩን አራርቃችሁ፣ ኅዳጉን ሰፋ አድርጋችሁ ውሰዱላቸው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ከሰዓት ሂዱ።