ለሽያጭ የቀረበ ሊከር ስቶር ሲመዘን፦ ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ

«የሚሸጥ ሊከር ስቶር፣ በወር 90,000 ዶላር የሚሸጥ፣ ኢንቬንተሪ ለብቻ» (የመጠጥ ክምችቱ ዋጋ ተለይቶ የሚከፈል) የሚል ማስታወቂያ በዲሲ አካባቢ ላለ ሐበሻ አዲስ አይደለም። ከዚህ ማስታወቂያ ጀርባ የሚሸጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ላይሰንሱ፣ ሊዙና የሽያጩ ቁጥር። ብዙ ውሸት የሚነገረው በቁጥሩ ላይ ነው። ገዢን ባዶ እጁን የሚያስቀረው ግን ሊዙ ነው።

ከሁሉም በፊት ካርታውን ይመልከቱ። ቨርጂኒያ ውስጥ ውስኪና ቮድካ በጠርሙስ የሚሸጡት የስቴቱ ሱቆች ብቻ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲም እንዲሁ ጠንካራ መጠጥ የሚቸረችረው በራሱ ሱቆች ነው፤ የቢራና የወይን ጅምላ አከፋፋዩም ካውንቲው ነው። ስለዚህ እዚያ «ሊከር ስቶር» ተብሎ የሚቀርብልዎ የቢራና የወይን ሱቅ ስለሆነ ዋጋውም በዚያው ልክ መሆን አለበት። ሁሉንም ዓይነት መጠጥ መሸጥ ከፈለጉ ዲሲ ውስጥ ክላስ ኤ ላይሰንስ ያለው፣ ወይም ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ያለ ሱቅ ይፈልጉ።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ሻጩ «ታክስ ሪተርኑ ላይ ያለው ትንሽ ነው፣ ካሹ አልገባበትም» ካለ፣ ወረቀት ላይ ለሌለ ሽያጭ አይክፈሉ፤ ባንክም በዚያ ቁጥር አያበድርም። እውነቱ የሚገኘው ሱቁ ከገዛው መጠጥ ነው፤ ያልተገዛ ጠርሙስ አይሸጥምና። ሻጩ ፈቃድ ይስጥና ከእያንዳንዱ ዲስትሪቢዩተር (የመጠጥ አከፋፋይ) የ24 ወር መግለጫ በቀጥታ ይምጣልዎ፤ በካርቶን ታጭቆ የሚሰጥ ደረሰኝ አይበቃም። የወሩ ግዢ በአማካይ 54,000 ዶላር ቢሆንና ሱቁ በ25 በመቶ ማርጂን (ከመሸጫው ዋጋ ላይ መግዣው ተቀንሶ የሚቀረው ድርሻ) ቢሠራ፣ 54,000ን ለ0.75 ሲያካፍሉ ሽያጩ 72,000 ይሆናል። 90,000 አይደርስም።

ልዩነቱ ትንሽ አይምሰልዎ። ኪራይ፣ ደሞዝ፣ መብራት፣ ኢንሹራንስና የካርድ ክፍያ በወር 13,000 ቢሆን፣ በ72,000 ሽያጭ ለባለቤቱ 5,000 ይተርፋል፤ በ90,000 ደግሞ 9,500። ሱቁ በዓመታዊ ትርፉ 2.5 እጥፍ ቢሸጥ፣ የመጀመሪያው 150,000፣ ሁለተኛው 285,000 ዶላር ያወጣል። ሻጩ የሚነግርዎትን ማርጂን ደግሞ ራስዎ ይፈትሹት፤ በ10 ዶላር ተገዝቶ በ12.50 የሚሸጥ ጠርሙስ ላይ የተጨመረው 25 በመቶ ቢሆንም ማርጂኑ 20 በመቶ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሻጭ ብዙ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ግዢ ከወትሮው በድንገት ከፍ ካለም ይጠርጥሩ፤ የሽያጩን ቁጥር ለማሳበጥ ሲባል መጠጡ በመግዣ ዋጋ እየተራገፈ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም ውጤቱን ከሽያጭ ታክስ ፋይሉ ጋር ያስተያዩ፤ ሜሪላንድ በአልኮል ላይ 9 በመቶ ትሰበስባለች።

ሊዙን ያለ ጠበቃ አይፈርሙ። አማራጭ ዓመታቱን ጨምሮ 10 ዓመት የማይሞላ ሊዝ ሱቁን ነገ መልሶ ለመሸጥ ያስቸግራል፤ ለኤስቢኤ (የፌዴራሉ የአነስተኛ ንግድ ድጋፍ መሥሪያ ቤት) ብድርም እንቅፋት ይሆናል። ትሪፕል ኔት ከሆነ የሕንፃው ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና የእርስዎ ዕዳ ስለሆነ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ሂሳብ ይጠይቁ። ዲሲ ውስጥ በተለይ የማፍረስ አንቀጽ ይፈልጉ፦ አከራዩ ሕንፃውን አፍርሶ አፓርትመንት ለመሥራት ሲፈልግ በጥቂት ወራት ማስታወቂያ ሊያስወጣዎት ይችላል። ይህ አንቀጽ ካልተሰረዘ እኛ ሱቁን በግማሽ ዋጋም አንመክርም።

ላይሰንሱ ያለ ኤቢሲኤ (የዲሲ የመጠጥ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) ወይም ያለ ካውንቲው ሊከር ቦርድ ፈቃድ አይተላለፍም። ዲሲ ውስጥ ከሰፈሩ ነዋሪዎች ጋር የተደረገ ስምምነት ከላይሰንሱ ጋር ተያይዞ ለገዢው ስለሚተላለፍ፣ ፋይሉን አውጥተው ያንብቡ። ነጠላ ቢራ መሸጥ የተከለከለበት ሱቅና ያልተከለከለበት ሱቅ በገቢ አይገናኙም። የገንዘብዎን ምንጭም ይጠየቃሉ። እቁብና ከዘመድ የተገኘ ገንዘብ ነውር የለበትም፤ ግን ከማመልከቻው ብዙ ወራት በፊት ባንክ ይግባ፣ የሰጪዎቹ ደብዳቤም ይኑር። ቅድመ ክፍያው ኤስክሮ (ሽያጩ እስኪጠናቀቅ በገለልተኛ ሦስተኛ ወገን እጅ) ይቀመጥ፤ ውሉም ላይሰንሱ ካልተላለፈ ወይም አከራዩ ካልፈቀደ ገንዘቡ እንደሚመለስ ይግለጽ። ፈቃዱ ሳይወጣ ቁልፍ ተረክቦ በሻጩ ስም መሥራት የተለመደ ስህተት ነው፤ ሁለታችሁንም ያስቀጣል።

የኢንቬንተሪ ቆጠራው በርክክቡ ዋዜማ ማታ፣ በገለልተኛ ቆጣሪ፣ ከቅናሽ በኋላ ባለው መግዣ ዋጋ ይደረግ። ጣሪያም ያስቀምጡለት፤ በወር 54,000 ለሚገዛ ሱቅ ከሁለት ወር ተኩል ግዢ በላይ የሆነ ክምችት የማይንቀሳቀስ ዕቃ አለበት ማለት ነው። ቀኑ ያለፈበት ቢራ፣ ቀለሙ የተለወጠ ነጭ ወይን፣ ካለፈው ገና የተረፈ የስጦታ ሣጥን አይቆጠርም። የዎክ-ኢን ኩለሩን (ሰው የሚገባበት ትልቁ ማቀዝቀዣ) ኮምፕረሰር ቴክኒሻን ይይልዎ፤ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ከሆነ፣ ወይም በረዶ ከጋገረ፣ ዋጋ ያስቀንሱበት። ሜሪላንድ ውስጥ በሱቁ መገልገያ ዕቃዎችና በመደርደሪያዎቹ ላይ 6 በመቶ ታክስ ስላለ ማን እንደሚከፍል ውሉ ውስጥ ይግባ።

ካለዎት ገንዘብ ሁሉንም ለሻጩ አይስጡ። አዲስ ባለቤትን ዲስትሪቢዩተር በዱቤ ላያምነው ስለሚችል፣ ቢያንስ የአንድ ወር ግዢ የሚሸፍን ጥሬ ገንዘብ ለብቻ ይያዝ።